የበቆሎውን ሽሮፕ ከጓዳችን ስናወጣ በአገዳ ስኳር አንተካው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ስለ ስኳር በሽታ ያወጣውን ጽሑፍ በምስጋና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ወገኖቻችን ስኳር እንዲቀንሱ መምከሩ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካ ለምንኖር አንባቢዎች ከባድ የሆነ አንድ ጉዳይ ሳያነሣ አልፏል። እዚህ ሀገር ከምንበላውና ከምንጠጣው ስኳር የሚበዛው እኛ በማንኪያ ለክተን የጨመርነው አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በምግቡ ውስጥ ያለ ነው። ከእነዚህ የፋብሪካ ማጣፈጫዎች ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ከበቆሎ የሚሠራው ሃይ ፍሩክቶስ ኮርን ሲረፕ ሲሆን፣ በዚህ ደብዳቤ ለማሳጠር ያህል የበቆሎ ሽሮፕ እለዋለሁ። በሀገር ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የምተዳደረው በአንድ የምግብ መደብር ውስጥ ዕቃ በመደርደር ነው። የሚከተለውን የምጽፈው ከሁለቱም ሥራዎቼ ባገኘሁት ዕውቀት ነው።

የሀገራቸው ልጅ መሆኔን የሚያውቁ እናቶች እሽግ ይዘው ይመጡና፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ፤ ያ የበቆሎው ነገር አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ራሱ ደስ ያሰኘኛል፤ የእሽጉን ጀርባ አዙሮ ማየት ተለምዷል ማለት ነውና። የሚያሳስበኝ ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነው። «አለበት» ስላቸው ዕቃውን ይመልሱትና «የለበትም» ያልኳቸውን ሌላ እሽግ፣ የስኳሩ መጠን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ሁለትና ሦስት አድርገው ይገዛሉ። ይህ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ስለዚህ ሽሮፑ ምን እንደሆነ፣ በዚህ ሀገር ለምን እንደበዛ፣ ከቤት ሲወጣም በቦታው ምን መግባት እንደሌለበት በዝርዝር እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

ሥራው የሚጀምረው ከበቆሎ ስታርች ነው። ፋብሪካው በቆሎውን ዘፍዝፎና ፈጭቶ ስታርቹን ይለያል። ስታርች ማለት ግሉኮስ የተባለው ቀላል ስኳር ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ንጥረ ነገሮች፣ ሰንሰለቱን ሲበጣጥሱት የሚገኘው ግሉኮስ የበዛበት ፈሳሽ ተራው ኮርን ሲረፕ ነው፤ ጣፋጭነቱም ከስኳር ያንሳል። ከዚያ ግሉኮስ አይሶሜሬዝ በሚባል ሌላ ኢንዛይም ከግሉኮሱ ከፊሉ ፍሩክቶስ ወደሚባል ሌላ ቀላል ስኳር ይለወጣል። የዚህ ኢንዛይም ችሎታ በአሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ለፋብሪካ እንዲመች አድርገው ያሻሻሉት ደግሞ በ1960ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። ፍሩክቶስ ከግሉኮስ ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ሽሮፑ በጣዕሙ ከስኳር ጋር ይስተካከላል። በገበያ ላይ የሚበዙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ በአንደኛው ከስኳሩ ክፍል 42 በመቶ፣ በሁለተኛው 55 በመቶ ፍሩክቶስ ነው። ባለ 42ቱ በዳቦ፣ በሲሪያልና በታሸገ ፍራፍሬ፣ ባለ 55ቱ ደግሞ በለስላሳ መጠጥ ይገባል። ከሸንኮራ አገዳ ወይም ሹገር ቢት ከሚባለው ሥር የሚገኘው የገበታ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። አንባቢ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች፣ 42ን፣ 50ንና 55ን፣ ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው ብዙው ክርክር ከዚሁ ይገባዋል።

ሽሮፑን በአሜሪካ ያበዛው ዋጋው ነው። መንግሥት የራሱን የስኳር አምራቾች ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ከውጭ በሚገባ ስኳር ላይ ኮታ ስለጣለ፣ በሀገር ውስጥ የስኳር ዋጋ ከዓለም ገበያ በላይ ሆኖ ቆየ፤ በቆሎ ግን በመንግሥት ድጎማ እየታገዘ በብዛት ይመረት ነበር። ኮካ ኮላና ፔፕሲ በ1984 በአሜሪካ ለሚሸጡት ዋና ዋና መጠጦቻቸው ሙሉ በሙሉ በሽሮፑ እንዲጠቀሙ ፈቀዱ። ሽሮፑ ፈሳሽ በመሆኑ በቦቴ ተጭኖ በቧንቧ ይቀዳል፤ እንደ ስኳር አይረጋም፤ ዳቦን ለብዙ ቀን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ኬክንና ኩኪስን ቡናማ መልክ ይሰጣቸዋል። ለፋብሪካ ከዚህ የሚመች ነገር የለም፤ ጣፋጭ ይሆናሉ ተብለው ወደማይጠረጠሩ ምግቦች ዘልቆ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

በወንጂና በመተሐራ ስኳር ያደግን ሰዎች የአገዳውን እንደ ንጹሕ፣ የበቆሎውን እንደ መርዝ ማየት ይቀናናል። በአካባቢያችን በላቲኖ ሱቆች በጠርሙስ የሚሸጠውን የሜክሲኮ ኮካ፣ በአገዳ ስኳር የተሠራ ነው ብለው ለልጆቻቸው በካርቶን የሚገዙ ወላጆች አውቃለሁ። በየዓመቱ የአይሁድ ፋሲካ ሲደርስ ለበዓሉ ሲባል ያለ በቆሎ ሽሮፕ ተሠርቶ የሚወጣውን ባለ ቢጫ ክዳን ኮካም የሚጠባበቁ አሉ። ኩባንያው ራሱ በ2025 በአሜሪካ የአገዳ ስኳር የገባበት ምርት እንደሚያወጣ ካስታወቀ ወዲህ ይህ አመለካከት በርትቷል። ነገር ግን 355 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የአሜሪካው ቆርቆሮ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ያንኑ ያህል የሚይዘው የሜክሲኮው ጠርሙስም 39 ግራም ነው። ሰውነት በዚህ አይታለልም። የአገዳ ስኳር በትንሹ አንጀት ወዲያው ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚከፈል፣ ወደ ደም የሚገባው ነገር ከበቆሎው ሽሮፕ ጋር ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን በሰዎች ላይ ያነጻጸሩ አብዛኞቹ ጥናቶችም በክብደት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም።

ጉዳቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ግሉኮስን ጡንቻም አንጎልም ይጠቀሙበታል፤ ፍሩክቶስ ግን በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲመጣበት ጉበት ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ይህ ሲደጋገም በደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ይጨምራል፣ በጉበትም ላይ ስብ ይከማቻል፤ በሂደቱ ውስጥ ዩሪክ አሲድ ስለሚፈጠርም ሪህ ያለባቸው ሰዎች ይጎዳሉ። ሙሉ ፍራፍሬ የሚበላ ሰው በዚህ መስጋት የለበትም፤ በአንድ ብርቱካን ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጥቂት ነው፣ ከአሰሩ ጋር ቀስ ብሎ ስለሚገባም ጉበትን አያጨናንቅም።

ሽሮፑ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላም ማስረጃ አለ። በአሜሪካ የሽሮፑ ፍጆታ ጣሪያ የደረሰው በ1999 ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ መጥቷል። በዚያው ዘመን ከመጠን በላይ የወፈሩ አዋቂዎች ድርሻ፣ በሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ መሠረት፣ በ1999 እና 2000 ከነበረበት 30.5 በመቶ በ2017 እና 2020 መካከል ወደ 41.9 በመቶ ወጥቷል። ኩባንያዎች ሽሮፑን ከብዙ ምርት አውጥተው በስኳር ተክተዋል፤ የሕዝቡ ጤና ግን በዚህ አልተሻሻለም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ፣ ሽሮፑን ከቤታችን ማውጣትን ከልቤ እደግፋለሁ። ምክንያቴ ይህ ነው። ሽሮፑ ያለበትን ምግብ ላለመግዛት የቆረጠ ሰው የግድ እያንዳንዱን እሽግ ማንበብ ይጀምራል፤ ሲያነብም ሽሮፑ የሚገኘው እርሱ ራሱ በቤቱ ሊሠራቸው በሚችላቸው፣ ወይም ጨርሶ በማያስፈልጉት ነገሮች ውስጥ እንደሆነ ይረዳል። ለስላሳው፣ ጄሊው፣ ኩኪሱ፣ የሰላጣው ማባያ፣ በጥብስ ላይ የሚፈሰው ባርቤኪው ሶስ፣ የልጆቹ ባለቀለም እርጎ፣ የፓንኬኩ ሽሮፕ አንድ በአንድ ከጓዳ ሲወጡ አጠቃላይ ስኳሩም ይቀንሳል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን የወጣው በሌላ ጣፋጭ ካልተተካ ነው።

አንድ የሳንድዊች ዳቦ በምሳሌነት ላቅርብ። እሽጉ ከፊት ለፊቱ የስንዴ ዘለላ ሥዕልና የጤና ቃላት አሉበት። ከጀርባው፣ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር በሕግ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በክብደት ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ወይም አምስት ቃላት ማንበብ ይበቃል። በብዙ ርካሽ የሳንድዊችና የበርገር ዳቦዎች ላይ ዱቄት፣ ውሃ፣ ከዚያም ሽሮፑ ወይም ስኳሩ ከእርሾው በፊት ይመጣል። ከእርሾው በፊት መምጣቱ ከእርሾው ይልቅ መብዛቱን ያሳያል። ዝርዝሩን ካዩ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ «አዴድ ሹገርስ» (የተጨመረ ስኳር) የሚለውን መስመር መመልከት ይገባል፤ ይህ መስመር እንዲጻፍ የሀገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ያወጣው ደንብ ያስገድዳል። መስመሩ የበቆሎውን፣ የአገዳውን፣ የማሩንም አንድ ላይ ደምሮ ስለሚያሳይ፣ ከስም ይልቅ በእርሱ ላይ መተማመን ይሻላል። የበቆሎ አጣሪዎች ማኅበር ሽሮፑ በእሽግ ላይ በሌላ ስም እንዲጻፍ በ2010 ጠይቆ ባለሥልጣኑ በ2012 ስላልተቀበለው፣ ስሙ እስከ ዛሬ በቀድሞ መልኩ ይገኛል። ኬቻፕ ላይም ይህንኑ ማየት ይቻላል፤ ሽሮፕ ያለበትም፣ በስኳር የተሠራውም በአንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል።

ከሁሉ አስቀድሞ መውጣት ያለበት ግን መጠጡ ነው፤ በዚህ ላይ ምንም ማመንታት የለብኝም። በነዳጅ ማደያውና በመደብሩ በር አጠገብ በማቀዝቀዣ የሚቀመጠው 591 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮካ ፕላስቲክ 65 ግራም ስኳር አለው፤ ይህም 16 የሻይ ማንኪያ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሴቶችና ለልጆች በቀን የሚመክረው ከፍተኛ መጠን 25 ግራም፣ ለወንዶች 36 ግራም ነው። ታክሲ ሲነዱ ወይም ሌሊት በማደያ ሲሠሩ እንቅልፍ ለማባረር ከእነዚህ ሁለቱን የሚጠጡ ወንድሞቻችን፣ ቤት ገብተው በእንጀራና በሽሮ ላይ ቢጠነቀቁ ትርጉም የለውም። በእንጀራ፣ በምስር ወጥና በጎመን ላይ ሽሮፕ የለም፤ ስኳሩ ወደ ቤታችን የሚገባው በመጠጡ፣ በቁርሱና በልጆች መክሰስ በኩል ነው።

የጾሙ ወቅት በተለይ ያሳስበኛል። ወተትና ቅቤ ሲከለከል፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ጠዋት የሚያገኘው የጾም ቁርስ የታሸገ ዳቦ በጄሊ ወይም በማርማላታ ነው። በሥራ ቦታ የሚገኘውም የጾም ኩኪስና ጁስ ነው። ዕቃው የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ የሽሮፑ መጠን ግን ከፍስኩ ምግብ ሊበልጥ ይችላል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ጠዋት በጄሊ ለሚያሳልፍ ሰው የጤናው ዋጋ ቀላል አይደለም። የምሽቱን እንጀራ ፍርፍር ለጠዋት ማስቀረት፣ የጾም ጨጨብሳ መጋገር፣ ተልባ ወይም ሱፍ በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ በሶ መበጥበጥ እናቶቻችን ያቆዩልን መፍትሔ ነው፤ በየሀበሻው ሱቅ በሶውም ተልባውም ይሸጣል። ለሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ከቴምሩ ጎን የሚደረደረውን ለስላሳ በውሃና በሾርባ መተካት ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ በነበረ ሆድ ላይ የሚፈስ የስኳር ውሃ በተለይ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነውና።

ሁላችንም የምንሰበሰብባቸው ቦታዎችም አሉ። በክርስትና፣ በልደት፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ለስላሳ በየካርቶኑ ይደረደራል፤ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለልጆቹ የሚታደለው የታሸገ ጁስና ዶናት ነው። የሚያቀርቡት ሰዎች ከፍቅርና ከአክብሮት ተነሥተው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሐዘንተኛ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን መሄድ ነውር የሚሆንበት ባህል ያለን ሕዝብ ነን። ሆኖም በለቅሶ ቤት የሚቀመጡት አረጋውያን ብዙዎቹ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው። የታሸገ ውሃ፣ ያልጣፈጠ አምቦ ውሃ መሰል ጋዝ ያለው ውሃ፣ ቡናና ሻይ ቢቀርብላቸው ክብራቸው አይጎድልም። ስለ ቡናው ካነሣሁ አይቀር፣ በትንሿ ስኒ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ከሦስቱ ዙር በኋላ የለስላሳውን ያህል እንደጠጣ ሊያውቅ ይገባል፤ በሀገራችን ቡናን ያለ ስኳር፣ በጨውም ሆነ በቅቤ የሚጠጡ አካባቢዎች አሉና ነገሩ የልማድ ጉዳይ ነው።

ምትክ ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች የሚወድቁባቸውን ወጥመዶች ባጭሩ ልጥቀስ። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው የአጋቬ ሽሮፕ ፍሩክቶሱ ከበቆሎው ሽሮፕ ይበልጣል። ማርም በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ስለሆነ ብርዝ ለበዓል እንጂ ለዕለት መጠጥ አይሆንም። መቶ በመቶ የተባለ ጁስም ቢሆን አሰሩ የተወገደ ስኳር ነው። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ በእነርሱ መጠቀምን አልመከረም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አመጋገቡን በድንገት ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ በድንገት ሲወርድበት የሚወስደው ጁስ ወይም ጣፋጭም ከአጠገቡ አይለየው፤ እዚያ ላይ ስኳር መድኃኒት ነውና ማንም «አቁሜያለሁ» ብሎ እንዳይከለክለው።

ችግሩ የአሜሪካ ነዋሪዎች ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በሀገራቸው እምብዛም የማያውቁት የስኳር በሽታ ከመጡ በኋላ በጥቂት ዓመታት እንደተስፋፋባቸው የእስራኤል ሐኪሞች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጽፈዋል። እስራኤል ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ በበዛበት እሽግ ፊት ላይ ቀይ ምልክት እንዲታተም በማድረጓ፣ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንኳ በሥዕሉ ይለዩታል። በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎቻችሁ ተመሳሳዩን ሽሮፕ የሚያገኙት «ግሉኮስ ፍሩክቶስ ሲረፕ» ወይም «ፍሩክቶስ ግሉኮስ ሲረፕ» ተብሎ ነው። እኛ በአሜሪካ ያለን ከፊት ለፊት ምልክት ስለሌለን ጀርባውን ማንበብ ግድ ይሆንብናል፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆቻችን ግን ይህን ማድረግ አይችሉም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ጋዜጣችሁ የአንድ የምግብ እሽግን ጀርባ በትልቁ አትሞ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል በአማርኛ የሚያስረዳ ገጽ ቢያወጣ፣ ተቆርጦ በየማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፍ ይሆናል። በገጹ ላይ «አዴድ ሹገርስ» እና ሃይ ፍሩክቶስ ኮርን ሲረፕ በእንግሊዝኛው ፊደል እንደሚታዩ ሆነው ቢሳሉ፣ አንድ እናት ፊደሉን ባታነብ እንኳ ቅርጹን አመሳስላ ታገኘዋለች። የዕድርና የሰንበቴ ሰብሳቢዎችም ለሚቀጥለው ዝግጅት ዕቃ ሲያዝዙ የለስላሳውን ካርቶን በውሃ እንዲተኩ ጋዜጣችሁ ቢያሳስብልኝ እወዳለሁ። ገጹን ለማዘጋጀት ከፈቀዳችሁ የእሽጎቹን ጽሑፍ በመተርጎምና ቁጥሮቹን በማጣራት ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ፤ የጾም ምግቦቹን ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ብንጀምራቸው ይመረጣል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ